በር ሠሪ እንጂ በረኛ አልነበሩም

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ውሃ ልክ እያለ የሚጠራቸው አናጺ፣ የተወለዱት ከሰባ ስምንት ዓመት በፊት ነው። የተወለዱበትም ቦታ አሁን ደጃፉ ላይ የቆምንበት የዚህ ቪላ ጓሮ፣ በሰርቪስ ቤቱ ከግራ በኩል ሁለተኛዋ ክፍል ናት። አባታችን የግቢው አትክልተኛ፣ እናታችን ልብስ አጣቢ ነበሩ። ቤቱን ያሠራው ከባሕር ማዶ መጥቶ አገሩን ይገዛ የነበረው መንግሥት የጉምሩክ ሹም ነበር፤ ሰዉም እስከዛሬ የሹሙ ቤት ይለዋል። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው፤ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ነው ያረጀሁት። የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አሳምሬ አውቃለሁ፤ «የበኩላቸውን አስተዋጽኦ አበርክተዋል» የምትለውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋታለሁ። ዛሬ ግን አልጽፋትም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴንም አልደብቅም። ይህን የሚያነብልኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ አንዲት ቃል ሳይዘል እንዲያነብ አስምዬዋለሁ። ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ «ይበቃል» ብላችሁ ኮቱን ብትጎትቱት እንኳ፣ በመርሐ ግብሩ ላይ ስለታተመ ቤታችሁ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ።

በዚያ ዘመን ይህ ቤት ሁለት በር ነበረው። የፊተኛው፣ ይኸው የምታዩት ባለ ሁለት ክንፍ በር፣ ለሹሙ ቤተሰብና ለእንግዶቻቸው ነበር። የጓሮው በር ለከሰል፣ ለቆሻሻና ለእኛ። እናታችን የዚህን ቤት መጋረጃና አንሶላ አሥራ አንድ ዓመት ሲያጥቡ በፊት በር ገብተው አያውቁም። አንድ ቀን ድንገት በረዶ ወረደና፣ የታጠበው ልብስ እንዳይበላሽ ብለው ቅርጫቱን ተሸክመው በፊተኛው በረንዳ በኩል ሮጡ። ደፉን ረገጡት። የሹሙ ሚስት፣ አንቱታዬን አልሰጣትም፣ መጀመሪያ ልብሱን ተቀበለች፤ ከዚያ እናታችንን በጉልበታቸው አንበርክካ ደፉን ሦስት ጊዜ አሳጠበቻቸው። ባልዲውን ይዘው አጠገባቸው የቆሙት ገና ስድስት ዓመት የሆናቸው ወንድሜ ነበሩ። እኔ አልተወለድኩም። እናታችን ይህን ነገር በሕይወታቸው አንዴ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ ሲጨርሱም ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ የምጠራቸው እንዲህ ነው፣ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የሴትዮዋን ነገር አያነሡም። የሚያነሡት በበሩ የግራ ክንፍ ላይ ያለችውን አንዲት አንጓ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለች የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር አንጓ ናት፣ ቁመቷ በስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ትክክል። እናታቸው ተንበርክከው ሲያጥቡ ላለማየት እሷን አፍጥጠው ሲያዩ ቆዩ። ይህችን አንጓ አትርሱብኝ፤ እመለስባታለሁ።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አሥር ዓመት ሲሆናቸው ገዢዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ እኛም ከሰርቪሱ ወጥተን የኪራይ ቤት ገባን። ወንድም ጋሼ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበሩ፤ ጽሕፈት ላይ ግን፣ የጸሐፊ ወንድም ናቸውና ልዋሽላቸው አልችልም፣ ደካማ ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው አባታችን ሲሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከአንድ ሽማግሌ አናጺ ዘንድ ሙያ ሊማሩ ገቡ። ሽማግሌው ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። በር የሚለካው ባዶ እጁን በሚገባው ሰው አይደለም፤ ሰዎች ተሸክመው በሚያልፉት ነገር ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በመጨረሻም ሬሳ። ሬሳ በር ላይ ከተያዘ ነውሩ የአናጺው ነው ይሉ ነበር።

ከእኚሁ ሽማግሌ ወንድም ጋሼ አንዲት ትንሽ ውሃ ልክ ወረሱ። ለማታውቁት፣ ውሃ ልክ ማለት ያቺ በመስታወት ውስጥ አረፋዋ ወዲያና ወዲህ የምትል፣ ነገር መስተካከሉን የምትናገር የአናጺ መለኪያ ናት። ከኪሳቸው አትለይም ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧታል፤ አረፋዋ መሐል ካልቆመች ብርጭቆ አያነሡም። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከባለቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲጋቡ፣ ከሙሽራዋ በፊት ያዩት የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ነው። በዚያ በአዲስ ልብሳቸው ተንበርክከው ከአንዱ እግሩ ሥር ወረቀት አጣጥፈው አስገቡ። ባለቤታቸው እስከዛሬ «እኔንማ ያየኝ ጠረጴዛው ከተስተካከለ በኋላ ነው» ይላሉ። ጋሽ ውሃ ልክ የተባሉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው አንሥቶ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ ስድሳ ዓመታቸው በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታል የጥገና ክፍል በአናጺነት ሠሩ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ የመጀመሪያዋ ነርስ፣ ሁለተኛው መብራት ሠራተኛ፣ ሦስተኛዋ አስተማሪ ናቸው። በዚህች ከተማ ስትከፍቱት ሲጢጥ የማይል አሮጌ በር ካገኛችሁ የእሳቸው እጅ አለበት።

ይህ ቤት በበኩሉ የመንግሥት ሆነ። የመንግሥት ሆነ ማለት የማንም አልሆነም ማለት ነው። መጀመሪያ ቢሮ፣ ቀጥሎ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ፣ በመጨረሻ የምስጥ ቀለብ ሆነ። ጣሪያው አፈሰሰ። የሳሎኑ ወለል እየተነቀለ ለማገዶ ሄደ። የፊት በሩ የግራ ክንፍ ተሰርቆ በቦታው ቆርቆሮ ተመታበት። ወንድም ጋሼ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ሊቆምበት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በዚያው ቀን እኔ ቤት መጡና «እቴ፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉ። ቤቱ ታድሶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ በሩም ለሁሉ ይከፈት፣ እንድል ነው የፈለጉት።

እኔ እውነቱን ለመናገር ይፍረስ ባይ ነበርኩ። እናቴን ያንበረከከ ቤት ቢፈርስ ምን ገዶኝ! ይህንኑ ነገርኳቸው። ወንድም ጋሼ ቁጣ አያውቁም፤ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው «ቤቱ ምን አጠፋ? ካፈረስነው እማማ በጓሮ እንደገባች ትቀራለች» አሉኝ። ተነሥቼ ወረቀት አመጣሁ።

በዘጠኝ ዓመት አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። የሰፈሩ ሰው እየፈረመ፣ አንዳንዱ ፈርሞ እየሞተ፣ ልጁ በቦታው እየፈረመ። የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ዓይናቸው አለመድከሙ ይገርመኛል። በመጨረሻ ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቤቱ ታድሶ ለሕዝብ እንዲውል ተፈቀደ። ወንድም ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቴን እናገራለሁ። ለእድሳቱ ሠራተኛ ሲመዘገብ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው መዝጋቢ ቀና እንኳ ሳይል «ሙያ?» አለ። ወንድም ጋሼ «በር» አሉ። በቃ፤ ሌላ ቃል አላባከኑም። ከፊታቸው የነበረው ሰው «ግንብ» ብሏል፣ ከኋላቸው ያለው «ቀለም» አለ፤ የእጅ ባለሙያ ሥራውን የሚናገረው እንዲህ ነው። ግንብ ያለውን ግንበኛ ብሎ የጻፈው መዝጋቢ፣ በር ያሉትን ደግሞ በረኛ ብሎ ጻፋቸው። እኔ፣ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩት እኔ፣ አጠገባቸው ቆሜ ቅጹን ገልብጬ አላየሁትም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የእኔ አይደለም።

ሦስት ዓመት ሠሩ። አርባ አንድ በርና መስኮት በእጃቸው አለፈ። ተቋራጩ ምስጥ የበላውን መቃን ቀለም ቀብቶ ሊያልፈው ሲል፣ ወንድም ጋሼ በመሮ ወጋ አድርገው ዱቄቱን ጫማው ላይ አፈሰሱለት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ብለው መቃኑን ከሥሩ ነቅለው አወጡት። ዋናው በር በአሉሚኒየምና በመስታወት ይቀየር የሚል ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ «ለምን? ባንክ ነው?» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

የተሰረቀውን የግራ ክንፍ ግን አምስት ወር ፈለጉት። የእንጨት መሸጫዎቹን፣ የድሮ ዕቃ ነጋዴዎቹን፣ የአጥር በሮችን ሁሉ አዳረሱ። አንድ ቀን የመኪና ጋራዥ ውስጥ ውሃ ለመጠጣት ጎራ ሲሉ፣ መካኒኩ ሞተር የሚፈታበትን ጠረጴዛ አዩ። ግሪስ ጠጥቶ ጠቁሯል። እንደ ልማዳቸው ውሃ ልካቸውን ሊያስቀምጡበት ጎንበስ አሉና፣ እጃቸው እዚያው ቀረ። ግሪሱን በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ያቺ አንጓ ብቅ አለች። መካኒኩ ዛሬ እዚህ መካከላችን አለ፤ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ጠረጴዛ አቅፈው ሲያለቅሱ ምን እንደሚባል ጨንቆት «ይውሰዱት አባባ፣ ይውሰዱት» ማለቱን ይናገር። ወንድም ጋሼ በምትኩ አዲስ ጠረጴዛ ሠሩለት። መካኒኩ እስከዛሬ መፍቻው ከጠረጴዛው ተንከባሎ እንደማያውቅ ይምላል።

ክንፉ ጸድቶ ከወንድሙ ጋር ሲገጠም የእድሳቱ አማካሪ መሐንዲስ አንዱ ብቻ እንዲከፈት፣ ሌላው እንዲታሸግ ሐሳብ አቀረቡ። ለጥበቃ ይመቻል አሉ። ወንድም ጋሼ ሜትራቸውን ዘርግተው አንዱን ክንፍ ለኩ፤ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። «ይሄማ በር አይደለም፣ ሽንቁር ነው» አሉ። ሁለቱም እንዲከፈቱ አድርገው ሠሩት፤ መቀርቀሪያውንም አቅመ ደካማ በአንድ ጣት እንዲስበው እስኪሆን ድረስ ሞርደው አለሰለሱት።

የምረቃው ቀን መጣ። ባለቤታቸው ሙሉ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ቁልፉን አጥብቀው አለበሷቸው። ደጃፉ ላይ ጥበቃው ዝርዝሩን አገላብጦ «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ የተጻፉት በረኛ ተብለው ነው። ሠራተኛ በጓሮ በር ነው የሚገባው» አላቸው። ሰውየው ላይ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ወንድም ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የግራውን ክንፍ አንዴ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «በጓሮስ እናቴ ገብታልኛለች» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማ ነበር። ቤቱ የሕዝብ ስለመሆኑ ንግግር እየተደረገ ነበር።

ወይ ጉድ! የባዕድ ሹም በጓሮ ግቡ ሲለን ባዕድ ነው፣ አያውቀንም ብለን ቻልነው። የገዛ ልጆቻችን ሲሉንስ ምን እንበል? አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህን ነው።

ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ያለውን እምነ በረድ ዞር ብላችሁ እዩት። ከላይ በትልቁ የተቀረጸው ሥራው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቤቱን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት የዳይሬክተሩ ስም ነው። ከዚያ አማካሪው፣ ከዚያ ተቋራጩ፣ ከዚያ ንግግር ያደረጉት ሁሉ። መጨረሻ ላይ፣ አበባ ይሸፍነው በነበረው በኩል፣ የወንድሜ ስም አለ፤ ከስማቸውም ቀጥሎ «በረኛ» ይላል። የሰፈሩ ኳስ ተጫዋቾች ይህን ሰምተው «ጋሽ ውሃ ልክ፣ በረኛ ሆኑ አሉ! ስንት ጎል ገባብዎት?» ብለው ሲቀልዱባቸው «አንድም ሰው አልገባ፤ ሐዘኔም እሱ ነው» ብለው መለሱላቸው። ሳቅን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ያችን አንዲት ቃል ለማሳረም ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሰነዱ ላይ የሰፈረው የሥራ መደብ በረኛ ስለሚል ማረም እንደማይቻል ተገለጸልኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እንዴት ዝም ልበል? አራተኛውን ስጀምር ወንድም ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ተይው እቴ። በረኛነት ምን ነውር አለው? በረኛ ብሆንማ እከፍተው ነበር» አሉኝ።

አራት ዓመት አልፏል። በሩ ግን ከምረቃው ቀን በኋላ ተቀርቅሮ ከፊቱ የአበባ ሳጥን ተደርድሮበታል። ሳሎኑ ለስብሰባ ሆነ። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ለሕዝብ የተሰጠው በጓሮ የሚገባበት የድሮው የልብስ መተኮሻ ክፍል ነው፤ እናታችን አንሶላ ሲተኩሱ የኖሩበት። አሥራ ሁለት ወንበር አለው። እዚያም ለመግባት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለማንበብ የድጋፍ ደብዳቤ! ደብዳቤ መጻፍ ኑሮዬ ስለነበረ ለስንቱ ልጅና ሽማግሌ በነፃ እንደጻፍኩለት እኔ ነኝ የማውቀው።

ወንድም ጋሼ በእነዚህ አራት ዓመታት አንዴም አልገቡም። በየቅዳሜው ጠዋት ግን መጥተው የአበባ ሳጥኖቹን ገፋ አድርገው የበሩን ውጪ በዘይት ያሻሹ ነበር። ያ ጥበቃ፣ ኋላ ወዳጃቸው ሆኗል፣ አንድ ቅዳሜ ሰው በሌለበት ሊከፍትላቸው ለምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን «ለእኔ ብቻ ከሆነ ሰረቅነው እንጂ ከፈትነው አይባልም» ብለው ከለከሉት። የውስጡን ማጠፊያና መቀርቀሪያ ግን ቅባት እንዲያስነካላቸው አደራ አሉት። በየወሩ አስነክቷል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ ስድሳ ዓመት የማጉት የእንጨት ብናኝ ነው አሉ። ሆስፒታል ተኝተውም አልጋው ወደ ቀኝ ማዘንበሉን ለነርሶቹ ተናግረው በውሃ ልካቸው አስመስክረዋል፤ አልጋውም ተስተካክሏል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ።

በማግስቱ ከዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። አብሮትም ተዘጋጅቶ የመጣ የሕይወት ታሪክ ነበረ፤ ስድስት መስመር ነው። «በበረኛነት ተቀጥረው በቪላው እድሳት ላይ ተሳትፈዋል» ይላል። ሰው በስብሰባ ይሳተፋል፤ ወንድሜ አልተሳተፉም፣ ሠሩ። በመቀጠል አስከሬናቸው ለስንብት በሳሎኑ እንዲያርፍ መፈቀዱን፣ የፊተኛው ወለል አዲስ የተወለወለ በመሆኑ ግን መግቢያው በጓሮ በር መሆኑን ይገልጻል። አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሞተውም በጓሮ!

ስለዚህ የአስከሬኑን ሳጥን በጓሮ አላመጣነውም። አሁን ያለው እዚህ፣ እናታችን ተንበርክከው ባጠቡት ደፍ ላይ ነው። የአበባ ሳጥኖቹን ያነሣነው እኛ ነን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን የሠራው መብራት ሠራተኛ ልጃቸው ነው። ሳጥኑ ግራና ቀኝ ከያዙት ተሸካሚዎች ጋር አንድ ሜትር ከሠላሳ ይፈልጋል። አንዱ ክንፍ ሰባ አምስት፣ ሁለቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ናቸው። በአንዱ አይገባም፤ በሁለቱ ይገባል፣ ሃያ ሳንቲ ሜትርም ይተርፋል። ወንድሜ ሲሠሩት ለራሳቸው አልለኩትም፤ ለማንም ነው የለኩት።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ ጥበቃና ከአራቱ ልጆች የቀረሁትን እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። በታመሙበት ጊዜ የጠየቃችኋቸውን፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ለድካማቸው ዕረፍት፣ ለእኛ መጽናናት ይስጠን። በሚሄዱበት ቤት ስማቸውን በትክክል የጻፈ መዝጋቢ ይጠብቃቸው፤ በሩም በሁለቱ ክንፍ ተከፍቶ ይቀበላቸው።

ንባቡ እዚህ ያበቃል። ተሸካሚዎች ተነሡ፣ ሳጥኑንም አንሡ። ከበሩ ወዲያ ሳሎኑ ውስጥ ሆናችሁ ለምትጠብቁን፣ ዳይሬክተሩም ጭምር፣ የምንላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። መቀርቀሪያው ወደ ላይ ነው የሚሳበው፤ አይከብድም፣ ቅባት አለው። ዛሬ በረኞቹ እናንተ ናችሁ። ክፈቱልን።